በሁዳዴ የተገዛ ሥጋ

ጸሐይወርቅ የተቆጣች ዕለት ሰፈርተኛው ከስፌት መኪናዋ ድምፅ ያውቃል። ደህና የዋለች እንደሆነ መኪናዋ ጠር ጠር እያለች በእርጋታ ትሄዳለች፤ የተናደደች ቀን ግን ድምፁ እስከ ባጃጅ መቆሚያው ይሰማል። መርፌ ይሰበራል፣ ክር ይበጠሳል፣ ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ሰው ሱሪውን በብብቱ እንደያዘ "ነገ ብመለስ ይሻላል" ብሎ ውልቅ ይላል። ነቀምቴ ውስጥ ከእሷ የተሻለ ሰፊ ይኖር ይሆናል፤ ከእሷ የባሰ ቁጡ ሰፊ ግን የለም፤ ይህንን ደንበኞቿ ሁሉ ይመሰክራሉ። ይመሰክራሉ፣ ያማርራሉ፣ ተመልሰውም ይመጣሉ። የማርያም ሰንበት ተማሪዎችን ነጭ ቀሚስ የምትሰፋው እሷ ናት፤ ማዶ ያለው የፕሮቴስታንት ቸርች መዘምራን የሚለብሱትን ወይን ጠጅ ካባም የምትሰፋው እሷው ናት። ሁለቱንም እኩል ትቆጣቸዋለች።

አባቷ ለመንገድ ሥራ ከጎጃም መጥተው እዚሁ የቀሩ ሰው ነበሩ። እሷ ግን ነቀምቴ ተወልዳ፣ ነቀምቴ ተድራ፣ ነቀምቴ ባሏን የቀበረች ናት። ኦሮምኛዋ ከአማርኛዋ አያንስም። ስትሳደብ በኦሮምኛ፣ ስትራገም በአማርኛ ነው። ለምን እንደሆነ የጠየቃት ሰው ቢኖር "ስድብ የተማርኩት ሰፈር ውስጥ ነው፤ እርግማን ግን ከአባቴ ቤት ነው" ብላ ትመልስለታለች። ልጅ አልወለደችም። ከባሏ በኋላ በዚህ ዓለም የእኔ የምትለው ታናሽ ወንድሟን ቂርቆስን ብቻ ነበር፤ እሱም ጊዳ አያና ወርዶ በቆሎና ሰሊጥ እያረሰ ይኖር ነበር።

ያ ክፉ ጊዜ መጣና ቂርቆስን በላው። ማን እንደገደለው፣ የትኛው መንገድ ላይ እንደወደቀ በትክክል የሚናገር ሰው እስከ ዛሬ አልተገኘም። ሬሳውም አልመጣም። የመጣው ውሻው ነው። ተፈናቃዮችን ከጫነ አይሱዙ ላይ፣ ከጆንያና ከፍራሽ መካከል ተወሽቆ፣ አጥንቱ ወጥቶ፣ አንድ ጆሮው ተቀዶ መጣ። የቂርቆስ ጎረቤት የነበረች ሴት "ይኼ የወንድምሽ ነው" ብላ የገመዱን ጫፍ ስታስጨብጣት ጸሐይወርቅ አላለቀሰችም። ተቆጣች። "ሰውዬውን ትታችሁ ውሻውን አመጣችሁልኝ?" ብላ በዚያ ሁሉ መከረኛ ሕዝብ ላይ ጮኸች። ኋላ በነገሩ አፍራለች፤ ያኔ ግን ከቁጣ በቀር ሌላ በእጇ ያለ ነገር አልነበረም። ውሻውን መከታ ትለዋለች። ቂርቆስ ያወጣለት ስም ነው።

ከአጥሯ ወዲያ ሎሚ አለች። ሎሚ ጡረታ የወጣች አስተማሪ ናት፤ ጸሐይወርቅ የሰፋችውን ያንን ወይን ጠጅ ካባ ለብሳ ቸርቿ ውስጥ የምትዘምር፣ ድምፀ መልካም ሴት። ሁለቱ ከወጣትነታቸው ጀምሮ በአጥር ላይ ጨውና ቃሪያ ሲቀባበሉ የኖሩ ናቸው። ቂርቆስ በሞተበት በዚያው ሳምንት፣ በዚያው ወረዳ፣ ሎሚ ያሳደገችው የእህቷ ልጅ ያደታም ሞተ። አያና ጤና ጣቢያ ተቀጥሮ ይሠራ የነበረ ልጅ ነው። እንደ ቂርቆስ ሁሉ እሱንም ማን እንደገደለው የሚያውቅ የለም። በአንድ ቀጭን መንገድ ላይ ሁለት ድንኳን ተተከለ። በሁለቱም ድንኳን ውስጥ "የእነሱ ሰዎች ናቸው የገደሉት" የሚል ሹክሹክታ ነበረ፤ ሹክሹክታውን የሚያመጡት ደግሞ ከሟቾቹ አንዱንም የማያውቁ ሰዎች ናቸው።

ጸሐይወርቅ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ ሎሚን ጠበቀች። ከሲሬ የመጣ ዘመድ ገባ፣ ከኑኑ ቁምባ የመጣ ዘመድ ገባ፣ አጥር ለአጥር ያለችው ሎሚ አልመጣችም። ሠልስቱ አለፈ። አርባው አለፈ። ለቅሶ ያልደረሰ ጎረቤት ምን ጎረቤት ነው? ጸሐይወርቅ ከዚያ ወዲህ ሎሚን በመንገድ ስታገኛት ፊቷን ወደ ግንቡ ታዞራለች። ሎሚም ታዞራለች። የመዘምራኑን ካባ እንኳ የሚያመጡላት ሌሎች ሆኑ።

አጥሩን የሚሻገር መከታ ብቻ ነበር። ቆርቆሮው ከሥሩ የተነሣበት ቀዳዳ አለ፤ በዚያ ሾልኮ ይሄዳል፣ በዚያ ሾልኮ ይመጣል። ሎሚ "ዳለቻ" እያለች ስትጠራው ይሰማል፤ ግራጫው ማለቷ ነው። ጸሐይወርቅን የሚያንጨረጭራት ይኼ ነበር። "ወንድሜ ስም ያወጣለትን ውሻ እንደ ጥጃ በቀለሙ ትጠራዋለች!" ትላለች ለመኪናዋ። በጾም ወራት ደግሞ ይብሳል። ጸሐይወርቅ ቤት ጾም ከገባ ውሻውም ይጾማል፤ እንጀራ በሽሮ ነው የሚቀርብለት። መከታ ሽሮውን ያሸታል፣ ፊቷን ቀና ብሎ ያያል፣ ከዚያ በቀዳዳው ሾልኮ ሎሚ ቤት አጥንት ሊግጥ ይሄዳል። "የጸሐይወርቅ ውሻ እስከ ቀትር ኦርቶዶክስ ነው፣ ከቀትር በኋላ ጴንጤ" እያለ ሰፈርተኛው ይስቃል። እሷ ስቃ አታውቅም።

ዘንድሮ ሁዳዴ እንደገባ መከታን እከክ ያዘው። ጸጉሩ ከጆሮው ጀምሮ ተመለጠ፣ ቆዳው ቀልቶ ቆሰለ፣ ቀኑን ሙሉ ጎኑን ከቆርቆሮው ጋር ሲፈገፍግ ይውላል። የቂርቆስ የመጨረሻ ነገር ዓይኗ እያየ ሊያልቅ ሆነ። ጸሐይወርቅ ስፌቷን ዘግታ ገበያው አጠገብ ያለው የእንስሳት መድኃኒት ቤት ሄደች። ሐኪሙ ኢዶሳ ትንሽ ብልቃጥና መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ሰጣት።

"በሳምንት አንዴ ነው አዴ ጸሐይ፣ እሑድ እሑድ፣ እስከዚህች መስመር ድረስ። ምግብ ላይ አድርገሽ ስጪው።" ኢዶሳ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ እንዳይረሳ ብሎ ለሁሉም ደንበኛ እሑድ ነው የሚለው። "ከመስመሩ እንዳታሳልፊ ደግሞ። ለከብት የተሠራ ነው፤ ለውሻ ከበዛ ጭንቅላቱን ይመታዋል። ያንገዳግደዋል፣ ያሳውረዋል፣ ይገድለዋልም።"

"እኔን መስመር ታስተምረኛለህ? ዕድሜዬን በሜትር የጨረስኩ ሰው ነኝ!" አለችውና ብልቃጡን ነጥቃ ወጣች።

መስመሩን ማወቅ አልቸገራትም፤ የቸገራት ማስዋጡ ነው። ሽሮ ላይ አደረገችለት፤ አሸተተና ጀርባውን ሰጣት። በዳቦ ሞከረች፤ ተፋው። አፉን ፈልቅቃ ልታንቆረቁርለት ስትል እንደዚያ የሚወዳት ውሻ ጥርሱን አሳያት። መድኃኒቱ ይመራል። ከሥጋ በቀር የሚሸፍንለት ነገር የለም።

ሥጋ ደግሞ ነቀምቴ ውስጥ በሁዳዴም አይጠፋም። አብዛኛው ከተሜ አይጾምምና ሥጋ ቤቶቹ ክፍት ናቸው። ችግሩ መግዛቱ አልነበረም፣ መታየቱ ነበር እንጂ። ድሮ ቢሆን በአጥሩ ላይ አንገቷን አውጥታ "ሎሚ፣ ቁራጭ ነገር ጣል አድርጊልኝ" ብትል በዚያው ባበቃ። አሁን ግን ሎሚን ከመለመን እጇን ለመኪናው መርፌ ብትሰጥ ይቀላታል። እሑድ ከቅዳሴ እንደተመለሰች ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ፣ ማንም አያውቀኝም ብላ፣ አውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ ወዳለው ሥጋ ቤት ሄደች። ቁራጯን በፌስታል ይዛ ስትወጣ ከሲሬ የመጣ ሚኒባስ ቆመ፤ የማርያም ማኅበር ሰብሳቢ ድንቅነሽ ከሚኒባሱ ወረደች። ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። ድንቅነሽ ፊቷን አየች፣ ፌስታሉን አየች፣ በሰላምታ ፈንታ አማተበች።

መከታ ሥጋውን አንዴ ዋጥ አድርጎ መድኃኒቱን ሳያውቀው ጨረሰው። ጸሐይወርቅም ስለ ሌላው ማሰብ ተወች።

ድንቅነሽ ግን አልተወችም። ማኅበሩ የተሰበሰበ ዕለት፣ ንፍሮው ከተነሣ በኋላ፣ ጉሮሮዋን ጠረገች። "እኅቶቼ፣ ዘመኑ ከፍቷል። ጾሙን በአደባባይ የሚሽር በዝቷል፤ ያውም ከእኛው ውስጥ። እኔ ስም አልጠራም።"

"ጥሪው!" አለች ጸሐይወርቅ። "ክርስትና የተነሣሁበት ስም አለኝ፣ ጥሪው! አዎ፣ ሥጋ ገዛሁ። በእጄ ይዤ ወደ ቤቴ ገባሁ። ሌላ ምን ቀረሽ?"

"ምናልባት ለሕመምተኛ ይሆናል እኮ" አለች አንዲት አሮጊት፣ መውጫ ልታበጅላት ብላ። "ለማን ነው የገዛሽው ልጄ?"

ከከተማው ዳር ባለው መጠለያ ሰው ስንዴ ሲጠብቅ በሚውልበት ዘመን "ለውሻ ሥጋ ገዛሁ" ማለት "ጾም ገደፍኩ" ከማለት ይከብዳል። ምን ብላ ታስረዳ? ወንድሜን ያልቀበርኩ ሰው ውሻውን ደግሞ እንዴት ልቅበር ይባላል? ማን ይገባዋል? ይስቁባታል፤ ካልሳቁ ደግሞ ያዝኑላታል፤ ሁለቱንም አትችልም። "ለራሴ ነው የገዛሁት፤ ጥርት ያለ ሥጋ ነበር" ብላ ነጠላዋን አራግፋ ወጣች። ቤቷ ገብታ መኪናዋ ላይ ተቀመጠች፤ መርፌ በመርፌ ላይ ሰበረች።

በሳምንቱ እሑድ እልክ ተጋባች። ያው ሥጋ ቤት ሄደች፤ አሁን ግን በቀትር፣ ፊቷን ገልጣ፣ ያየ ይይ ብላ። ከመስመሩ ሳታሳልፍ መድኃኒቱን ሥጋው ላይ አንጠበጠበች፣ መከታ በላ። ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ እንቅልፍ ሲለው ስለነበር መድኃኒቱ እየሠራ ነው ብላ ደስ ብሏት ነበር። ብዙም ሳይቆይ ከአጥሩ ወዲያ "ዳለቻ፣ ኮቱ! ና!" የሚል ድምፅ ሰማች። መከታ ተነሥቶ በቀዳዳው ሾለከ። "ሂድ! አንተም ሂድ!" አለችው ከኋላው። ደሟ ፈላ።

ጥቂት ቆይቶ ከመንገድ ጩኸት መጣ። "ሰሬን መራቴ! ውሻው አበደ!"

ስትወጣ መከታ መንገዱ መሃል ነው። የኋላ እግሮቹ ይጠላለፋሉ፣ ልጋጉ መሬት ድረስ ይንጠባጠባል፣ ዓይኖቹ ተከፍተው ሳለ የሚያዩ አይመስሉም። ግንቡን በግንባሩ ገጭቶ ወደቀ፤ ተነሣና ደግሞ ወደቀ። ሰዉ ድንጋይ አንሥቷል። የሰፈሩ ጥበቃ ተረፋ ዱላውን በሁለት እጁ ይዞ እየተጠጋው ነበር። ክረምት ላይ በዚሁ ሰፈር አንድ ልጅ በእብድ ውሻ ተነክሶ ሞቷል፤ ሬሳውን ከተሸከሙት አንዱ ተረፋ ነበር። ሰውየው ጨካኝ አይደለም፤ የፈራ ሰው ነው።

ጸሐይወርቅ እየሮጠች ሄዳ ውሻው ላይ ቆመችበት።

"አዴ ጸሐይ፣ ዞር በይ። አብዷል፤ ይነክስሻል" አለ ተረፋ።

"ያበድክስ አንተ ነህ! እስቲ ንካው! እስቲ ያንን እንጨት አሳርፍበት፣ የአባቴ አምላክ እጅህን ያድርቀው!"

"ክረምት ልጅ ቀብረናል። ዛሬ ተቆጣሽ ብዬ አልተውም።"

"መድኃኒት ነው! የእከክ መድኃኒት ሰጥቼው ነው እንዲህ ያደረገው!"

"ውሻ ደግሞ መድኃኒት ይጠጣል? በምን ሰጠሽው?" አለ ከሰዉ መካከል አንዱ።

ጸሐይወርቅ ቀና ስትል ድንቅነሽን አየቻት፤ ጃንጥላዋን ይዛ ከዳር ቆማለች። በዚያች ቅጽበት የተጠራቀመው ንዴቷ ሁሉ ወጣ። "በሥጋ! በሥጋ ነው የሰጠሁት! በሁዳዴ በገዛሁት ሥጋ! ሰማሽ ድንቅነሽ? ለራሴ አይደለም፣ ለውሻ ነው። ሄደሽ ለማኅበሩ ንገሪልኝ፤ ደስ ይበልሽ!"

አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ድንቅነሽ አልሳቀችም። ተረፋም ዱላውን አላወረደም። "እኔም እኮ ውሻ አለኝ" አለ ቀስ ብሎ። "ኢዶሳ ይኼንኑ መድኃኒት ሰጥቶኛል። እከኩ ለቀቀው እንጂ አልተንገዳገደም። ከመስመሩ አሳልፈሻል?"

"አላሳለፍኩም! በማርያም፣ ጠብታ አላሳለፍኩም!"

"እንግዲያው እብደት ነው" አለ ተረፋ።

ጸሐይወርቅ እውነቱን በመናገሯ ውሻውን እንዳስፈረደችበት ያን ጊዜ ገባት። አሳልፌያለሁ ብላ ብትዋሽ ይተርፍ ነበር። ደግማ አፏን ከመክፈቷ በፊት ከበስተጀርባዋ ድምፅ ተሰማ።

"ዲሲ፣ ተረፋ! ተው!"

ሎሚ ናት። ከቸርች እንደተመለሰች ወይን ጠጅ ካባዋን እንኳ ሳታወልቅ በራፏ ላይ ቆማለች። "እኔም ሰጥቼዋለሁ" አለች። "ከኢዶሳ ያመጣሁትን። ያለፈው እሑድ ሰጠሁት፣ ዛሬም ሰጠሁት። በሥጋ።"

ተረፋ ዱላውን አወረደ። ድንጋይ የያዙትም አንድ በአንድ ጣሉ። ሌላ ሰው ቢሆን ይኼኔ እፎይ ብሎ ተመስገን ይል ነበር። ጸሐይወርቅ ግን ጸሐይወርቅ ናት።

"ገደልሽው!" ብላ ሎሚ ላይ ጮኸች። "ማን አዘዘሽ? ወንድሜን ሁለተኛ ገደልሽው!"

ሎሚ በዝግታ "ሁለተኛ?" አለች። "መጀመሪያስ እኔ ነኝ የገደልኩት?"

ተረፋ ስልኩን አውጥቶ ኢዶሳን ጠራው።

ኢዶሳ በባጃጅ ደረሰ። ነገሩን ሲሰማ ራሱን ይዞ "ለመከታ ብዬ የሰጠሁትና ለዳለቻ ብዬ የሰጠሁት አንድ ውሻ ነው? አጥር ለአጥር ሆናችሁ እንዲህ አድርጌለታለሁ አትባባሉም?" አለ።

"አንተ ዝም ብለህ አክም!" አሉት ሁለቱም በአንድ አፍ፣ አንዷ በአማርኛ፣ አንዷ በኦሮምኛ።

መከታ በዚህ መሃል እየተሳበ ወደሚያውቀው ቦታ ሄዶ ነበር። በሎሚ ግቢ በኩል ገብቶ ቀዳዳው ላይ ተዘረጋ፤ ጭንቅላቱ በጸሐይወርቅ ግቢ፣ ወገቡ በሎሚ ግቢ። ኢዶሳ መርፌ ወጋውና ተነሣ። "ለዚህ ማርከሻ የለውም። ባለበት ይተኛ፣ አታንሡት። ብርሃን እንዳይነካው ሸፍኑት። ድምፅ እንዳይሰማ፤ ትንሽ ጩኸት ያንቀጠቅጠዋል፣ ከተንቀጠቀጠ ይሞትባችኋል። ራሱ አንገቱን አንሥቶ ውኃ ከጠጣ ተርፏል ማለት ነው።" ከዚያ ጸሐይወርቅን አየና "ድምፅ፣ አዴ ጸሐይ" ብሎ ደገመላት።

ሎሚ ካባዋን አውልቃ በእሷ በኩል ያለውን አለበሰችው። ጸሐይወርቅ የባሏን ጋቢ አምጥታ በእሷ በኩል ያለውን ሸፈነች። በርጩማ አምጥታ አጥሩ ሥር ተቀመጠች። ከቆርቆሮው በታች የሎሚ ጫማ ይታያል፤ እሷም ተቀምጣለች።

ያንን ቀን እንዲሁ ዋሉ። ማታ ለየብቻ ተነሥተው ገቡ፤ ጎህ ሲቀድ ለየብቻ ተመለሱ። መከታ ይተነፍሳል፣ ሌላ ምንም የለም። የጸሐይወርቅ ንዴት አልበረደም፤ መጮህ ደግሞ አትችልም። በሕይወቷ በሹክሹክታ ተቆጥታ አታውቅም። ረፋዱ ላይ ግን አልቻለችም።

"የማን ውሻ ነው ብለሽ ነው?" አለች ድምፅዋን አፍና።

"ውሻ አጥር ያውቃል?" አለ የሎሚ ሹክሹክታ።

"የወንድሜ ነው!"

"የወንድምሽ መሆኑ ጠፍቶኝ ነው? ከመኪና የወረደ ዕለት በዚህች ቀዳዳ ገባና የያደታን ጃኬት አሸተተ። ገመድ ላይ ተሰጥቶ ነበር። ከሥሩ ተኛ፣ ሦስት ቀን አልነሣ አለኝ። አያና ላይ ያውቀው ይሆናል አልኩ። አያውቀውም ይሆናል፤ እኔ ግን ያውቀዋል አልኩ። ልጄን ከሚያውቅ ሌላ ማን ቀረኝ?"

ጸሐይወርቅ ይኼንን አታውቅም ነበር። አለማወቋም ራሱ አበገናት። "ታዲያ ለምን ለቅሶዬ አልመጣሽም?" አለች። ሹክሹክታው ተሰባበረባት። "አንድ ወንድሜ! ያልመጣ ዘመድ፣ ያልመጣ ጎረቤት የለም። በሩን እያየሁ ነበር የተቀመጥኩት። የገባው ሰው ሁሉ አንቺን እየመሰለኝ!"

"በምን እግሬ ልምጣ? እኔስ ምንጣፍ ላይ አልነበርኩም? ሐዘን የተቀመጠ ሰው ድንኳኑን ጥሎ ለቅሶ ይደርሳል? አንቺስ መጣሽ?"

"እኔም እኮ ተቀምጬ ነበር!"

"እሱን ነው የምልሽ!"

መከታ ጋቢው ሥር ተንቀጠቀጠ። እስኪረጋ ድረስ ሁለቱም ትንፋሻቸውን ዋጡ።

"ከሐዘን ከተነሣሽ በኋላስ?" አለች ጸሐይወርቅ፣ አሁን በጣም ቀስ ብላ።

"ከተነሣሁ በኋላ ስፌት መኪናሽ ሲጮህ ሰማሁ። ልጅ ያጣሁት እኔ ነኝ፣ መምጣት ያለባት እሷ ናት አልኩ። ደግሞ ሰው የሚያወራውን ሰማሁ። ገዳዮቹ የእሷ ሰዎች ናቸው ይሉኝ ነበር።"

"እኔም ያንኑ ነበር የሚሉኝ። የእሷ ሰዎች ናቸው እያሉ።"

"አመንሽ?"

ጸሐይወርቅ ልትዋሽ ትችል ነበር። "አንዳንድ ቀን አምን ነበር" አለች። "በጣም የተናደድኩ ቀን።"

"እኔም" አለች ሎሚ።

ጸሐይወርቅ አሁንም ተናድዳለች፤ ማን ላይ እንደተናደደች ግን ጠፋት። እስከ ዛሬ ንዴቷ መንገዱን ያውቅ ነበር፤ በአጥሩ ላይ ተሻግሮ ሎሚ ላይ ይወርድ ነበር። አሁን ሲሻገር እዚያ የሚያገኘው እንደ እሷው በር በሩን ስታይ የኖረች ሴት ነው። ሁለቱም ሥርዓቱን ጠበቁ፣ ሁለቱም አንገታቸውን ደፍተው ቁጭ አሉ፣ ሥርዓቱ ደግሞ ማን ቀድሞ ይነሣ አላለም። የሚሰደብ ሰው አጥታ ቆርቆሮውን ትክ ብላ አየችው።

ከሰዓት በኋላ መከታ አንገቱን አነሣ። ጭንቅላቱ እየተወዛወዘ ዙሪያውን አሸተተ። ጸሐይወርቅ ውኃውን አፍንጫው ሥር አስጠግታለታለች፤ እሱ ግን በመከራ ወደ ኋላ ዞረ፣ በቀዳዳው ተሳበና ሎሚ ያስቀመጠችለትን የሳህን ውኃ በምላሱ ጠለፍ ጠለፍ አደረገ። "ጠጣ! ጸሐይ፣ ጠጣ!" አለች ሎሚ፣ ሹክሹክታውን ረስታ።

"ሁልጊዜ ወደዚያ!" አለች ጸሐይወርቅ። እንባዋ መጣ። "አንተ ከሃዲ፣ ሁልጊዜ ወደዚያ!"

ከበርጩማዋ ተነሥታ ቤት ገባች። ነጭ ነጠላዋን ከሳጥኗ አወጣች፤ ለሐዘን እንደሚለበሰው አዘቅዝቃ፣ ጥለቱን ወደ አንገቷ አድርጋ ለበሰች። በቀዳዳው ሳይሆን፣ በአጥሩም ላይ ሳይሆን፣ በራሷ በር ወጥታ በመንገዱ ዞረች። ድንቅነሽ ከተረፋ ጋር መንገድ ላይ ቆማ ስታወራ ነጠላዋን አየችና ደነገጠች። "ውይ! ማን ሞተብሽ ጸሐይ?"

"ያደታ" አለች።

"የሎሚ ያደታ? እሱማ ከሞተ ስንት ጊዜው!"

"ለእኔ ዛሬ ነው የሞተው" አለችና አለፈቻት።

የሎሚን በር በጡጫ ደበደበችው። "ማነው?" የሚል ድምፅ መጣ።

"ክፈቺ እንጂ! ለቅሶ ሊደርስ የመጣ ሰው ደጅ ላይ ይገተራል እንዴ?"

ሎሚ ከፈተች። ነጠላውን አየች፣ የጥለቱን አቀማመጥ አየች። ዞራ ወደ ውስጥ ገባች። ከአልጋ ሥር ምንጣፍ ጎትታ ወለሉ ላይ ዘረጋችና ከአንደኛው ዳር ተቀመጠች፤ ሌላውን ዳር ለጸሐይወርቅ ተወችላት።